ያገለገለ መኪና የገዛ ሁሉ «የሰው ችግር» ነው የገዛው?

ባለ ቪትዙ፦ ትናንት ማታ እዚሁ የኮዬ ፈጬ ግሩፕ ላይ አንድ ጎረቤታችን «በዚህ ዘመን ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በገንዘቡ የሰው ችግር ይገዛል» ብሎ ጻፈ፤ ስንቱ ደግሞ ላይክ አደረገለት። በጣም ነው ያናደደኝ። ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ልጅ ታቅፎ በዝናብ የቆመ ሰው እንዲህ አይልም። እኛ እቁብ ጥለን፣ ዘመድ አስቸግረን፣ የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ እየከፈልን ነው አንዲት ቪትዝ ደጅ ያቆምነው። አዲስ ያልገዛነው አዲስ ጠልተን ነው?

ባለ ሲጋሉ፦ የጻፍኩት እኔ፣ ሲጋል የምትባለውን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና አዲስ የገዛሁት ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። ማንንም ልሰድብ አልጻፍኩም። ግን እውነቱን እንነጋገር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ ለሽያጭ የምትቀርበው ቪትዝ እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የከረመች ናት። አንዱ ሞተሩ ዘይት ሲበላበት ይሸጣታል፣ ቀጣዩ ካምቢዮው ሲያስቸግረው ይሸጣታል። የሃያ ዓመት መኪና በሚሊዮን ብር! ይኼ የሰው ችግር መግዛት ካልሆነ ምን ይባላል?

ባለ ቪትዙ፦ የእኔን መኪና የሸጡልኝ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ስላቆሙ ነው የሸጧት። የየትኛውን ሰው ችግር ነው የገዛሁት? ንገረኝ።

ከጋራዥ፦ ወንድሞቼ፣ ሥራዬ ስለሆነ ልግባበት። ችግሩ ያለው መኪናዋ ማርጀቷ ላይ ሳይሆን በደላላ አፍ መግዛቱ ላይ ነው። ሰዉ የሚያየው ቀለሟንና የወንበር ልብሷን ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ፤ ሻጩ «አሙቄ ልጠብቅህ» ካለ ተጠራጠሩ። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል በደንብ ሳታስመረምሩ አትክፈሉ። የኋላ ሻንጣውን ምንጣፍ አንሱና ጎማው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ዳብሱት። የፋብሪካ ብየዳ ነጥቡ እኩል እኩል ነው፤ የጋራዥ ብየዳ ግን ሻካራ ነው፣ ስቱኮ ቢቀባም በእጅ ይታወቃል። ከኋላ ተመትታ የተሠራችውን በዚህ ትለያላችሁ። ኪሎ ሜትሩን አትመኑት፤ ስንቱ ወደ ኋላ ተመልሷል። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክና የመሪውን ቆዳ እዩ፣ የለፋች መኪና እዚያ ላይ ታስታውቃለች። ከዚያ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት ዕዳና እገዳ አጣሩ። ይኼን ሁሉ ያደረገ ሰው የሰው ችግር አይገዛም።

ባለ ሲጋሉ፦ አመሰግናለሁ፣ ያልኩትን አንተው አረጋገጥክልኝ። ይኼን ሁሉ ካልመረመርክ ትታለላለህ ማለት ነው። እኔ ስገዛ ከዚህ አንዱንም አላደረግኩም፣ አላስፈለገኝም።

ሒሳብ እንሥራ፦ እኔ በወሬ ሳይሆን በወጪ ላስብ። ከኮዬ መሃል ከተማ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ቪትዟ ቢያንስ 3 ሊትር ቤንዚን ትጠጣለች፤ ሲጋሏ ደግሞ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። የቤት መብራት ታሪፍና የቤንዚን ዋጋ እዚህ አገር ጨርሶ አይወዳደሩም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነዳጁ በየጊዜው ሲጨምር ነው ያየነው። ያገለገለ በርካሽ ገዛሁ የሚል ሰው ልዩነቱን በየወሩ ማደያ ላይ ይከፍለዋል።

ባለ ቪትዙ፦ እህቴ፣ ሒሳብሽ ትክክል ነው። ግን መብራቱን ከየት አምጥቼ ነው የምሞላው? አራተኛ ፎቅ ነኝ። ፓርኪንጉ ላይ አንድ ሶኬት የለም። የሲጋል ትልቁ ባትሪ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በተራ ሶኬት በ2 ኪሎዋት ብትሞላው ከባዶ ተነስቶ ለመሙላት ከ19 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት ሳይጠፋ ነው ይኼ።

ሒሳብ እንሥራ፦ ከባዶ ማን ይሞላል? የቀኑን ለመተካት 3 ሰዓት ይበቃል። ማታ ሰክተህ ትተኛለህ።

የብሎኩ እናት፦ ሰክቶ መተኛት ስትሉ ደሜ ፈላ። የእኛ ብሎክ ላይ አንድ ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ገመድ አውርዶ መኪናውን ይሞላል። ገመዱ መሃሉ ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው፣ ውሃ የሚያቁርበት ቦታ ላይ ተዘርግቶ ያድራል። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይረግጡታል። ስንናገረው «ቆጣሪው የራሴ ነው» ይለናል። አዲስ መኪና መግዛታችሁን አልጠላሁም፣ ልጆቻችን ግን በእናንተ ገመድ አይሙቱ።

ባለ ሲጋሉ፦ እማማ፣ እርስዎ ያሉት እኔን አይመለከትም። እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ባለሙያ ጠርቼ ወፍራም ሽቦና ማቋረጫ አስገብቻለሁ።

የብሎኩ እናት፦ ምድር ቤት የደረሰህ ዕጣ ወጥቶልህ ነው ልጄ። ለሁሉም ሰው ግዙ ስትል አራተኛ ፎቅ ያለውንም አስበው።

ከለገጣፎ፦ ሁላችሁም የረሳችሁት አለ። ያገለገለ ማለት ቪትዝ ብቻ አይደለም። ቻይና ውስጥ ሲነዳ ቆይቶ የመጣ ኤሌክትሪክ መኪና አሁን በሽ ነው፤ ሻጩ «አዲስ በሉት» ይላል። ባትሪው ምን ያህል ጤና እንደቀረው በኮምፒውተር ሳያስነብብ የገዛ ወዳጅ አለኝ፤ ስክሪኑ በቻይንኛ ነው፣ ክረምት ላይ ኪሎ ሜትሩ ይቀንስበታል። የቻይናው መሙያ ጂቢቲ የሚባለው ሶኬት ነው፤ ሲሲኤስ የሚባለው ሌላ ዓይነት ሶኬት ብቻ ያለው ጣቢያ ሄዶ ሳይሞላ ተመልሷል። የሰው ችግር ካላችሁ እሱ ነው።

ባለ ሲጋሉ፦ እሱማ ያገለገለ ነው አልኩ እኮ! ኤሌክትሪክም ሆነ ነዳጅ ያገለገለ ያገለገለ ነው። እኔ የምለው ከዜሮ ኪሎ ሜትር ጀምሩ ነው።

ከጋራዥ፦ ዜሮ ኪሎ ሜትሩም ቢሆን ግጭት ሲደርስ የት ነው የሚሠራው? የቪትዝ መብራትና ባምፐር ሶማሌ ተራ በአንድ ጠዋት ይገኛል። ባለፈው የመጣችልኝ አዲስ ኤሌክትሪክ የፊት መብራቷ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ቆማለች፤ ሰውዬው ታክሲ ሰልፍ ላይ ተመለሰ።

ሒሳብ እንሥራ፦ ዛሬ ነው እንጂ መኪናው ሲበዛ ዕቃውም ይመጣል። ቪትዝም ድሮ እንዲህ ነበረች።

ባለ ቪትዙ፦ እሺ፣ ሲመጣ እገዛለሁ። እስከዚያ ልጄን ትምህርት ቤት በምን ላድርሳት? ወንድሜ፣ አሁንም የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ቃሉን አንሳ። ችግረኛ ነህ በለኝ፣ ምርጫ የለህም በለኝ፣ እቀበላለሁ። አስተማሪው አክብረው የሸጡልኝን መኪና ግን «የሰው ችግር» አትበላት።

ባለ ሲጋሉ፦ ስለ አንተ መኪና አልጻፍኩም። ስለ ገበያው የጻፍኩትን ግን አላነሳም። ነገ አንድ ወጣት ያጠራቀመውን ይዞ ደላላ ጋ ሲሄድ ይኼን አንብቦ ቢጠነቀቅ ይሻለኛል።

ከጋራዥ፦ ወጣቱ ከደላላው በፊት እኔ ጋ ይምጣ፣ የምርመራ አላስከፍለውም።

የብሎኩ እናት፦ የገመዱ ነገርስ? ኮሚቴው እሑድ ይሰበሰባል፤ ባለ አዲሶቹም ባለ አሮጌዎቹም ኑ።