ባለ አራት ቀለም (ክፍለ ቃል) የቻይና ፈሊጥ ካንቶንኛ ወሬ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ከዚራ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ለጓንግዡ ንግድ ብዬ ካንቶንኛ እየተማርኩ ነው። ጥንታዊዎቹን ባለ አራት ቀለም ፈሊጦች ከዝርዝር ሸምድጄ ስናገራቸው ወይ አይገባቸውም፣ ወይ ይስቃሉ። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

ጀጎል፦ መጀመሪያ ዝርዝሩን ተጠራጠር። በብዛት የሚገኘው የማንዳሪን (የቻይና መደበኛ ቋንቋ) ንባብ ነው፤ ጽሑፉ አንድ፣ ድምፁ ሌላ። ዋጋ ሲቆረጥ "በቃ፣ ቃላችን ቃል ነው" የሚባልበት በማንዳሪን "ዪ የን ወይ ዲንግ" ነው፤ በካንቶንኛ ግን "የት1 ዪን4 ወይ4 ዲንግ6"። ቁጥሩ ዜማው ነው፣ ካንቶንኛ በላቲን ፊደል ከሚጻፍበት ከጁትፒንግ የተወሰደ። ዜማዎቹ 6 ናቸው (9 የሚሉህ በፕ፣ በትና በክ የሚዘጉትን ለብቻ ቆጥረው ነው)። "የት" ላይ ያለው ት አይፈነዳም፤ ምላስህ አየሩን ይዝጋና እዚያው ይቅር። ካፈነዳኸው አምስተኛ ቀለም የጨመርክ ይመስላል። በግዕዝና በራብዕ መካከል ያለውን ልዩነትም ጠብቅ፦ "ገይ1" ዶሮ ነው፣ "ጋይ1" መንገድ።

ቀፊራ፦ የሚያስቃቸው ሰዋስውም ሊሆን ይችላል። ፈሊጡ የሚገባው ግዕዝ አማርኛ ውስጥ በሚገባበት መንገድ ነው፤ "ሎቱ ስብሐት"ን "ለእሱ ስብሐት" የሚል የለም። በተራ ንግግር አሉታው "ም4" ነው፤ "በት1 ጂ1 በት1 ጎክ3" (ሳይታወቅ) ውስጥ ያለውን "በት" በ"ም" ከተካኸው ግን ተበላሸ። አራቱ መሃል ምንም አይሰካም። "ፎ3 ጀን1 ጋ3 ሰት6" (ዕቃው እውነተኛ፣ ዋጋው ሐቀኛ) ከስም በፊት ሲመጣ "ጌ3" (ገላጩን ከስሙ የሚያያይዝ ቃል) ከኋላው ይከተላል፣ ከውስጥ አይገባም። ጀጎል የጠቀሰው ደግሞ ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ክርክሩ ሳያልቅ ካልከው በሰውየው ዋጋ ተስማማህ ማለት ነው፣ ተጠንቀቅ።

ከዚራ፦ "ለበሬ በገና መደርደር" የሚለውስ? ሳንግባባ ስንቀር ይሆናል?

ቀፊራ፦ ተው አቦ! በሬው እኮ ሰሚው ነው፤ ሰደብከው። "ገይ1 ቱንግ4 ኣፕ3 ጎንግ2" በል፤ ዶሮ ከዳክዬ ጋር ሲያወራ ማለት ነው። ጥንታዊ አይደለም፣ የካንቶንኛ የራሱ አባባል ነው፤ ግን ለሁለታችሁም እኩል ይደርሳል።

ጀጎል፦ "ኣፕ" ላይም ከንፈርህ ተዘግቶ ይቅር።