አስቸኳይ! ጠጠር ስቀይር የአኳሪየሙ ውሃ ጠቆረ፣ ዓሳዎቹ ላይ ላዩን ናቸው

የጀሞዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነጩን ጠጠር አውጥቼ ለእጽዋቱ የሚሆን ነገር ላደርግ ብዬ ግማሹን እንደዛቅኩ ውሃው ጥቁር ሆነ። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ዓሳዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። አንዷ ኮሪዶራስ በጎኗ ተኝታለች። ልቀጥል ወይስ ላቁም? አዲሱስ ምን ይሁን? አንዱ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይለኛል፣ ሌላው የወንዝ አሸዋ፣ ሌላው የአትክልት አፈር።

የሐዋሳ ልጅ፦
እኔ ዓሳ ሲባል ጥብስ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ። አይዞሽ እህቴ፣ የሚያውቁት ይመጣሉ።

ውሃ ልክ፦
አቁሚ። ዓሳዎቹን አሁኑኑ አውጪ። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ ፈልጊ። ፊልተሩን ንቀይና ባልዲው ውስጥ ይስራ። ኤር ፓምፕ ከሌለሽ ውሃውን በኩባያ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አንቆርቁሪው፣ አየር ያገኛል። የሚሸትሽ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ጠጠር ስር አየር አጥቶ የከረመ ቆሻሻ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ለዓሳ መርዝ ነው፣ ግን ውሃው በደንብ ሲንቀሳቀስ ቶሎ ይጠፋል። የሚቆየው አሞኒያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ምግብ እንዳትሰጪ። አኳሪየሙ ምን ያህል ነው? ምን ምን ተክለሻል?

ሬድ አሽ ብቻ፦
ሬድ አሽ። በወንፊት ንፊው፣ እጠቢው፣ አስገቢው። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ሥር ይይዝበታል። ዋጋውም ርካሽ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦
ልጄ፣ ጠጠር ጌጥ ብቻ አይደለም። የዓሳው ኩስና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ናይትሬቱን እጽዋቱ ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ተንሳፈው አይደለም። ጠጠሩና የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። ጠጠር በሚቀየርበት ሳምንት ፊልተር አይታጠብም የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ቤታቸው በአንድ ቀን ከፈረሰ አሞኒያውን የሚያነሳ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ፣ እጽዋት ሁሉ ከአፈር አይመገብም። ክሪፕቶኮሪንና አማዞን ሶርድ በሥራቸው ይመገባሉ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ግን ከውሃው ነው የሚወስዱት፣ ወፍራሙ ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል።

የጀሞዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዓሳዎቹን አወጣኋቸው፣ ፊልተሩም ባልዲው ውስጥ እየሰራ ነው። ግን ከአኳሪየሙ ውሃ ነው የቀዳሁት። የቆየ ውሃ የለኝም፣ ከቧንቧ ልጨምር? አኳሪየሙ 80 በ35 ሳንቲ ሜትር ነው። ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያና አኑቢያስ አሉ።

ውሃ ልክ፦
ከቧንቧ በቀጥታ አይሆንም፣ ክሎሪን አለው። ለመጠጥ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁት ካለ እሱን ተጠቀሚ። ሲፈላ ክሎሪኑ ይወጣል፣ ግን አየሩም አብሮ ስለሚወጣ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጥሽ ናጪው። የአዲስ አበባ ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። እጅሽን ባልዲው ውስጥ አስገብተሽ ልዩነቱ እስከማይታወቅሽ ድረስ ለብ አድርጊው። ቀስ እያልሽ ጨምሪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ ላይ ጥያቄ አለኝ። ለምን ትቀይሪዋለሽ? ነጩ ጠጠር እምነበረድ ከሆነ እየሟሟ ካልሲየም ስለሚጨምር ውሃውን ያጠነክራል፣ ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያውን) ከፍ ያደርጋል። ግን ቫሊስኔሪያ ጠንካራ ውሃ አይጠላም፣ ጋፒ የሚባለው ዓሳም ይመቸዋል። የጎደለው የእጽዋቱ ምግብ ከሆነ የሥር ኪኒን (በኪኒን መልክ የተሠራ ማዳበሪያ) ጠጠሩ ውስጥ መቅበር ይበቃል። አቼቶ ጠብ አድርጊበትና እዪው፣ አረፋ ካወጣ እምነበረድ ወይም ኖራ ድንጋይ ነው። እዚህ አሜሪካ በጆንያ የሚሸጠውን የአኳሪየም አፈር ልግዛ ካልሽም ተጠንቀቂ። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ አሞኒያ የሚለቅ አለ፣ ዓሳ ባለበት አይገባም።

አረንጓዴ እጅ፦
ትንሽ ዩሪያ ወይም ዳፕ ብትንትን ብታደርጊ እጽዋቱ ይነሳል። ለጎመን እንዴት እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፦
ኧረ በፍጹም! ዳፕ ውስጥ ያለው አሞኒየም ነው። ዩሪያም ውሃ ውስጥ ተሰባብሮ አሞኒያ ይሆናል። ለዓሳዎቹ መርዝ የሆነውን ነገር ነው ጨምሪ የምትላት።

የጀሞዋ፦
አቼቶውን አደረግኩ። ጠጠሩ ላይ አረፋ አወጣ! ዓሳዎቹ አብዛኞቹ ኒዮን ቴትራ ናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ኒዮን ከሆነ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እነሱ ለስላሳ ውሃ ነው የሚስማማቸው። አውጪው።

ሬድ አሽ ብቻ፦
እኮ ሬድ አሽ!

ውሃ ልክ፦
ወንድሜ፣ ኮሪዶራስ አላት። ቀኑን ሙሉ ታች በጢሙ ሲቆፍር ነው የሚውለው። የሬድ አሽ ጠርዝ ጢሙን ሊጎዳው ይችላል።

የጀሞዋ፣ ዓሳዎቹ ከወጡ ዘንድ ጠጠሩን ዛሬውኑ ጨርሰሽ አውጪ። እጽዋቱን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለሽ ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ። የወንዝ አሸዋ ውሰጂ፣ እሱንም በአቼቶ ፈትኚው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካደረግሽ 14 ሊትር ነው፣ ደረቁ ከ20 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ከፊት 4፣ ከኋላ 6 ሳንቲ ይሁን። ባልዲ ውስጥ እያማሰልሽ እጠቢው። መጀመሪያ ቡና መስሎ ይወጣል፣ ጥርት ብሎ እስኪወርድ አታቁሚ። ውሃ ስትሞዪ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጪና ሳህኑ ላይ አፍሺ፣ አለበለዚያ ይቆፈራል። የሥር ኪኒኑ ክሪፕቶኮሪኑ ስር ይቀበር። አኑቢያሱን ድንጋይ ላይ በክር እሰሪው። ክሪፕቶኮሪኑ ቅጠሉ ሟሙቶ ሊያልቅ ይችላል፣ ሞተ ብለሽ እንዳትነቅይው፣ ከሥሩ ይመለሳል። ፊልተሩን ሳታጥቢ መልሺ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ለኪ። ዜሮ ካልሆነ ሲሶውን ውሃ ቀይሪ፣ ምግብም ቀንሺ።

አረንጓዴ እጅ፦
የአትክልት አፈሩስ ታዲያ? እኔ ልሞክር ነበር።

ውሃ ልክ፦
ይሆናል፣ ግን ፍግ ያልገባበት መሆን አለበት። 2 ሳንቲ አድርገህ ላዩን በ3 ሳንቲ አሸዋ ሸፍነው። አንድ ተክል በነቀልክ ቁጥር ጭቃው ይወጣል። ለጀማሪ አልመክርም።

የሐዋሳ ልጅ፦
የጀሞዋ፣ በጎኗ የተኛችው ኮሪዶራስ እንዴት ሆነች?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሳትተኚ ባልዲውን ክደኝው። ኒዮን ሲደነግጥ ዘሎ ይወጣል።