ሻጩ ሐሳቡን ቀየረ፤ ቀብዴ ምን ይሆናል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ወገኖች። እዚሁ ኮምቦልቻ ቤት ልገዛ ተስማምቼ 200 ሺህ ብር ሰጠሁ። ወረቀቱን ደላላው ጻፈ፤ ሻጩና እኔ ፈረምን፤ ሦስት ምስክሮች አሉ። ውልና ማስረጃ ግን አልሄድንም። አሁን የተሻለ ዋጋ አግኝቶ «ብርሽን ውሰጂ» ይለኛል። በግድ ማስሸጥ እችላለሁ? ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አይከደንም፤ ልጆቼን በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ።

ጠበቃ (ደሴ)፦ አብሽሪ እህቴ። ወረቀቱ ብሩን «ቀብድ» ይለዋል ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ «ቀብድ» የሚል ከሆነ 400 ሺህ መጠየቅ ትችያለሽ። እጥፉን ከከፈለ ግን ቤቱን በግድ ማስሸጥ አይቻልም።

አንድ ስጋት አለኝ። በቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት። ሻጩ ይህን አንስቶ ውሉ ከፈረሰ የምታገኚው የሰጠሽውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ብሩን መቀበሉን ያመነበት የስልክ መልእክት ካለ አታጥፊው። «ሌላ ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ደግሞ ሳታማክሪ አትፈርሚ።

አስተያየት ሰጪ (ሸዋበር፣ ደሴ)፦ ሻጩ ባለትዳር ነው? ቤቱ የጋራ ከሆነ የሚስቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ደላሎች ይህን ሆን ብለው ይዘሉታል፤ ያናድደኛል።

ነርስ (ደሴ)፦ እኔ ስለ እንቅልፍሽ ልናገር። ሌሊት የሚመጣብሽን ሐሳብ ወረቀት ላይ ጻፊውና ለነገ አሳድሪው። ቀን ላይ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ግማሽ ሰዓት መድቢ። ሻጩን ማታ አትደውዪለት። ቡናውን፣ በረካውንም ጭምር፣ ጠዋት ጨርሺው፤ ለወሎ ሰው ከባድ ቢሆንም ይረዳል። ልብሽ ሲመታ በአፍንጫ ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ስታስወጪ ከሳብሽበት ይርዘም። ለልጆቹም «የቤቱ ነገር አስጨንቆኝ ነው፤ እናንተ አላጠፋችሁም» በያቸው። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ ሆስፒታል ሂጂ። መኖር ካስጠላሽ ግን ዛሬውኑ።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጣችሁ። ወረቀቱ «ቀብድ» ነው የሚለው። ሚስቱ አልፈረመችም። ሽማግሌ ልላክ ወይስ ጠበቃ ልቅደም?

ጠበቃ፦ ወረቀቱን መጀመሪያ ለጠበቃ አሳዪ፤ የሚስቱ አለመፈረም ሊያዳክምሽ ይችላል። ሽማግሌም ይሂድ፤ ሁለቱ አይጋጩም። ቤቱን እሸጣለሁ ካለ ሚስቱም ባለችበት ውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ተፈራረሙ። ቀሪውን ብር ከዚያ በፊት አትክፈዪ።