ክፍለ ጦሮቼ መንገድ ላይ አለቁብኝ፣ ድረሱልኝ! (ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 የሚባለው የጦርነት ኮምፒውተር ጨዋታ፣ ኢትዮጵያን ይዤ)

ሽሮ_በቅቤ
ኧረ እባካችሁ፣ ጨዋታውን ፓውዝ አድርጌ ነው የምጽፈው። ከደሴ አካባቢ አራት ክፍለ ጦር ወደ ሰሜን ግንባር ላክሁ። ሲነሱ አረንጓዴው መስመር ሙሉ ነበር። መንገድ ላይ ሰማዩን የጣልያን አውሮፕላን ሞላው፣ የሚደርሱበት ቀን እየራቀ ሄደ። ሁለቱ ደረሱ፣ ጣልያን ገና ሲነካቸው ተበተኑ። ሁለቱ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። አውሮፕላኖቹ እየጨረሱብኝ ነው። ምን ላድርግ? ቶሎ በሉ፣ ግንባሩ ሊሰበር ነው።

ቀዮ_ፈንድሻ
ፓውዝ ካደረግህማ ማን አስቸኮለህ? ቡናህን አፍላ። ብቻ መብራት ሳይጠፋ ሴቭ አድርግ።

ባለመነጽሩ
ፀረ አውሮፕላን ጨምርበት። አለቀ።

ሽሮ_በቅቤ
ከየት አምጥቼ? ለወታደሩ ጠመንጃ እንኳ አልበቃኝም። ፋብሪካዎቼ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ጡረተኛው_ሻምበል
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንለይ። ግንባር ላይ የሚዋጋን ጦር ከአየር መምታት አንድ ነገር ነው። ወደ ግንባር የሚጓዘውን ጦርና ስንቅ መንገድ ላይ መምታት ሌላ ነው። ሁለተኛው ኢንተርዲክሽን ይባላል። እኔ በምጫወተው በዘ ኦፐሬሽናል አርት ኦፍ ዋር ይህ ራሱን የቻለ ተልዕኮ ነው። አውሮፕላኖችህን ትመድባቸዋለህ፣ የጠላት ጦር ሲንቀሳቀስ ወጥተው ይመቱታል። በዋር ኢን ዘ ዌስት ደግሞ ካርታው ላይ እያንዳንዷ ባለ ስድስት ጎን ቦታ የራሷ የኢንተርዲክሽን መጠን ይኖራታል። መጠኑ ሲጨምር ወደዚያ ለመግባት የምትከፍለው የእንቅስቃሴ ነጥብም ይጨምራል። አውሮፕላኑ ከሰውህ ይልቅ ቀንህን ነው የሚበላው።

የፈረንሳይዋን ኖርማንዲ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በጁን 1944 ፓንዘር ሌር የሚባለው የጀርመን ክፍለ ጦር በቀን ብርሃን ወደ ግንባር ተንቀሳቀስ ተባለ። አዛዡ ባየርላይን በኋላ ሲናገር መንገድ ላይ የወደመበት ታንክ 5 ብቻ ነው። የጭነትና የነዳጅ መኪናው ግን 130 ነው። ቁጥሩን አጋኖታል የሚሉ አሉ። ይሁን፣ ነዳጅ የሌለው ታንክ ምን ይሠራል? በሌሊት ልጓዝ ብትልም በዚያ አገር የጁን ሌሊት አጭር ነው።

ቀዮ_ፈንድሻ
ሻምበል፣ እርስዎ ጨርሰው እስኪመጡ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ 😂

ካርታ_ገላጭ
ሻምበል ያሉት ልክ ነው፣ ግን የሌላ ጨዋታ ነው። እዚህ አውሮፕላን በጉዞ ላይ ያለን ክፍለ ጦር ቦምብ አይጥልበትም። የቅርብ ድጋፍ አውሮፕላን የሚመታው ውጊያ ውስጥ የገባን ጦር ብቻ ነው። ጠላት ሰማዩን ሲይዝ ግን ፍጥነትህና የመከላከል አቅምህ ይቀንሳሉ። ቀኑ የራቀብህ ለዚያ ነው። ስለዚህ “እየጨረሱብኝ ነው” ያልከውን አልቀበልም።

እስቲ ንገረን፣ የቀነሰው አረንጓዴው ነው ወይስ ብርቱካናማው? አረንጓዴው የጦሩ ቅንጅት ነው፣ ብርቱካናማው ሰውና መሣሪያው ነው። ክፍለ ጦሩ ላይ የራስ ቅል ምልክት አለ? ካለ መጀመሪያ ስንቅህን ተመልከት። እዚህ ጨዋታ ላይ ለኢንተርዲክሽን የሚቀርበው ሎጂስቲክ ስትራይክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኖ ስቴፕ ባክ ከሚባለው የጨዋታው ማስፋፊያ ጋር የመጣ ነው፣ ባቡርና ካሚዮን ይመታል። ጦሩን ሳይነካ ያስርበዋል።

ሽሮ_በቅቤ
ብርቱካናማው ብዙም አልተነካም። አረንጓዴው ነው ባዶ የሆነው። ቅል የለም። እንዲፈጥኑ ብዬ በስትራቴጂክ ሪዲፕሎይመንት፣ ማለትም ጦርን በፍጥነት በሚያዛውረው ትዕዛዝ ነው የላክኋቸው፣ ያው እንደተለመደው።

ካርታ_ገላጭ
“ያው እንደተለመደው” ይላል! ይህን መጀመሪያ አትልም ነበር?

ወንድሜ፣ አውሮፕላኑን ተወው። በሪዲፕሎይመንት የሚሄድ ክፍለ ጦር አረንጓዴው መስመር ወዲያው ነው የሚወርደው። ድንኳኑን ጠቅልሎ፣ መትረየሱን በቅሎ ላይ ጭኖ የሚሄድ ሰው አድርገህ አስበው። እንዲህ ሆኖ ግንባር ሲገባ አንድ ጥይት ይበቃዋል። የአየር የበላይነቱ ደግሞ መንገዱን ስላረዘመው ጣልያን ቀድሞ ደረሰ። ሁለቱ ተደምረው ነው የጎዱህ።

መንገድ ላይ ያሉትን ሁለቱን ከግንባሩ ሁለት ግዛት ወደ ኋላ አቁማቸው። አረንጓዴው እስኪሞላ አትንካቸው። ከዚያ በተራ ትዕዛዝ፣ በእግራቸው አስገባቸው።

የጉዞ_ስንቅ
እኔም እንደዚህ ሆኜ ነበር። ፀረ አውሮፕላን የድጋፍ ሻምበል ብትጨምርበት ከአየር የበላይነቱ የሚመጣው ቅጣት ይቀንስልሃል።

ሽሮ_በቅቤ
ፋብሪካ የለኝም አልኩ እኮ!! እሺ፣ ማታ ማታ ብቻ ባስኬዳቸውስ?

ካርታ_ገላጭ
“ማታ ብቻ ተጓዝ” የሚል ትዕዛዝ የለም። በየምሽቱ ፓውዝ እያደረግህ አስነሳለሁ ካልክ ትዳርህን ታጣለህ።

ተከዜ_ማዶ
ጨዋታው ታሪኩን አቅልሎታል ባይ ነኝ። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላን በጉዞ ላይ ያለውን ጦር ነበር የሚያድነው። ራስ ሙሉጌታ ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍጉ በአውሮፕላን ተመትተው ሞቱ። የራስ እምሩ ጦር ከሽሬ ሲመለስ ጉድ የሆነው ተከዜ መሻገሪያው ላይ ነው። ገደሉን ወርደህ ወንዙ ዳር ስትደርስ መበተኛ ቦታ የለም፣ ሰዉም በቅሎውም አንድ ላይ ይታፈጋል። ከማይጨው በኋላም አሸንጌ ሐይቅ ዳር ቦምቡና የመርዝ ጋዙ የወረደው ወደ ኋላ በሚመለስ ሠራዊት ላይ ነው። ማይጨው መጋቢት 22 ነበር፣ ከዚያ በኋላ ጦሩ ጦር ሆኖ አልተሰበሰበም።

ለጨዋታውም ቢሆን ምክሬ ከዚያው ነው። ጣልያን ሰማዩን ይዞ ሳለ ከግንባር ግንባር አትሩጥ። ጦርህን ቀድመህ ተራራውና ወንዙ ላይ አስቀምጠው፣ ምሽግ ይያዝ፣ ጣልያን ይምጣብህ። ተጠባባቂህን አጠገብህ አድርገው፣ አንድ ግዛት ብቻ የሚራመድ።

ጡረተኛው_ሻምበል
ተባረክ። ዝናብም አትርሱ። አየሩ ሲከፋ የአውሮፕላኑ ሥራም ይከፋል።

ባለመነጽሩ
እኔ አሁንም ፀረ አውሮፕላን ነው የምለው።

ካርታ_ገላጭ
@ሽሮ_በቅቤ ሁለቱን አቆምካቸው? ግንባሩስ?

ቀዮ_ፈንድሻ
ሦስት ቀን ሆነው። ወይ አሸንፎ ጠፍቷል፣ ወይ መብራት።

አስመራ_ሜዳ
ይቅርታ፣ እኔ ጣልያንን ይዤ ነው የምጫወተው። አውሮፕላኖቼን ሁሉ ኤርትራ አምጥቼ አሰፈርኩ፣ ግን ምንም አይሠሩም። ለምን ይሆን?

ካርታ_ገላጭ
የአየር ማረፊያው ከአቅሙ በላይ ከተጨናነቀ ቅልጥፍናቸው ይወርዳል። ወደ ደቡብ ርቀው ሲበሩ ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። ግማሹን መልሳቸው።

ቀዮ_ፈንድሻ
ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ለጠላት ነው እንዴ የምትመክረው?