ጎማዬ ጎኑ ላይ ተቀዶ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ጎበዝ፣ ብስክሌት የሚገባው ሰው ካለ ቶሎ ይድረስልኝ። ጀርመን አገር አይፍል ውስጥ ሻልከንሜረን የምትባል መንደር ቁጭ ብያለሁ። ጠዋት ከዳውን ከተማ ተነስቼ ማሬ ሞዝል በሚባለው የብስክሌት መንገድ በርንካስቴል ኩስ ከተማ ልወርድ ነበር፣ 58 ኪሎ ሜትር። እስከ ዊትሊሽ ድረስ አብዛኛው የድሮ ባቡር ሐዲድ የነበረበት፣ አሁን አስፋልት የለበሰ ስለሆነ ቁልቁለቱ ለስላሳ ነው፣ ልጅም ይነዳዋል። እኔ ግን አርፌ መሄድ ሲገባኝ ሐይቆቹን በቅርብ ልይ ብዬ ጠጠሩ ውስጥ ገባሁ። (እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆቻችን ናቸው፣ ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቆፈሩ።) ስለታም ድንጋይ የኋላ ጎማዬን ጎኑን ሸረከተው።

ጎማው ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ዓይነት ነው፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር። ቅዱ የጥፍሬን ያህል ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሊደፍነው አልቻለም፣ ሱሪዬን ብቻ ነጭ በነጭ አደረገው። መጠባበቂያ ከመነዳሪ ይዣለሁ፣ ግን እሱን ለማስገባት መጀመሪያ ጎማው ላይ ያለው ቫልቭ መውጣት አለበት፣ የቫልቩ ዳዶ ደግሞ ደርቆ አልፈታ አለኝ። ፒንሳ የለኝም። እሁድ ስለሆነ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ አዲስ አበባ ብሆን እኮ ይሄን ጊዜ አንድ ጎሚስታ ጋ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ዳዶውን በምን ልፍታው? ከተፈታስ፣ ቅዱን ከውስጥ በ5 ዩሮ ኖት ደግፌ ዊትሊሽ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብነዳ ይይዛል? ከመነዳሪው ላይ ደግሞ እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎማ ነው የሚለው፣ ባለ 40 ጎማ ውስጥ ሲነፋ ይፈነዳል እንዴ? መንገዱ ላይ ፕላይን የምትባል መንደር አካባቢ ዋሻዎች አሉ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቢተነፍስብኝ ጉድ ነው የሚፈላው።