ዝናቡ አቁሟል፣ ውሃው ግን እየጨመረ ነው! መኪናዬን ላስነሳት?

ጠያቂው (ሂውስተን፣ ኦገስት 29፣ 2017)፦ ሰላም ናችሁ፣ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። ቡፋሎ ባዩ ወንዝ አጠገብ ነው የምኖረው። አውሎ ነፋሱ ሃርቪ ሲመታን የተረፈው ፓርኪንጋችን አሁን ዝናቡ አባርቶ ውሃ ገባበት። መኪናዋ ወንበሯ ድረስ ጠልቃለች። የምሠራባት እሷ ናት። አስነስቼ ላውጣት?

ጋራዥ ነኝ፦ በፍጹም! ቁልፉን እንዳትነካ። ውሃ አይታመቅም፣ ሞተሩ ከሳበው ቤላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል። ውሃው ሲጎድል የዘይት መለኪያውን ስበህ እይ፤ ማኪያቶ ከመሰለ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ በክሬን ነው የምትወጣው።

ታንከኛው፦ ከጣና ታንኳ ይላክልህ?

ጋሼ፦ ልጄ፣ ዝናብ ቆመ ማለት ጎርፍ ቆመ ማለት አይደለም። ሃርቪ በኦገስት 25 ከባሕሩ ዳር ከተማ ሮክፖርት አጠገብ ከገባ በኋላ የሚገፋው ነፋስ አጥቶ እዚሁ ተገተረ። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ እርጥበቱን እየሳበ እዚያው በዚያው ሲያወርደው ነበር። አንተ ጋ ያለው ደግሞ የግድቦቹ ውሃ ነው። አዲክስና ባርከር ሊሞሉ ስለሆነ የጦር መሐንዲሶቹ ትናንት ሌሊት መልቀቅ ጀምረዋል፣ የሚወርደውም በቡፋሎ ባዩ ነው። ገና ቀናት ይቆያል።

የኬቲዋ፦ እንዳታስነሳት ወንድሜ። የጎረቤቴ እንደዛ ነው የሞተችው።

ጋራዥ ነኝ፦ አልኩ እኮ።

ሰላሙ፦ እናንተ ስለ መኪና ታወራላችሁ! ስንተኛ ፎቅ ነህ? ልጆች አሉ? ምድር ቤት ከሆንክ መድኃኒትና ወረቀቶችህን ይዘህ አሁኑኑ ውጣ። መብራት ሳይጠፋ ውሃው ውስጥ አትግባ፣ ኤሌክትሪክ ይይዝሃል።

ጠያቂው፦ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፣ ብቻዬን። ግን ኢንሹራንሱ ይከፍላል ወይ?

የኬቲዋ፦ ፉል ነው (የራስህንም መኪና የሚሸፍነው) ወይስ ላያቢሊቲ (ሌላ ሰው ላይ ያደረስከውን ጉዳት ብቻ የሚከፍለው)?

ጠያቂው፦ በወር ብዙ ነው የምከፍለው።

ታንከኛው፦ ሃሃሃ፣ እሱማ ሁላችንም።

የኬቲዋ፦ ወረቀቱ ላይ ኮምፕርሄንሲቭ የሚል ካለ የጎርፍ ጉዳት ይሸፍናል፣ ዲዳክቲብሉን፣ ማለት ከራስህ ኪስ የሚወጣውን ድርሻ፣ አንተ ትችላለህ። ላያቢሊቲ ብቻ ከሆነ ምንም የለም። ከመስኮት ሆነህ ሰሌዳዋና ውሃው የደረሰበት አብረው እንዲታዩ ፎቶ አንሳ፣ ዛሬውኑ ደውል። ወረፋው ጉድ ነው። የቤት ዕቃ ከተበላሸ ደግሞ የተከራይ ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም፣ ፌማ (የመንግሥት የአደጋ ጊዜ እርዳታ መሥሪያ ቤት) ላይ ተመዝገብ።

ጋሼ፦ አንዳንድ ቦታ ላይኮ ከአንድ ሜትር በላይ ዘንቧል...

ሰላሙ፦ ጋሼ፣ ይቆየን። ልጁ ይደውልበት።