ጥቆማ፦ ለከፈለ አባል ብቻ የሚከፈት ድረ ገጽ፣ ጅማ ውስጥ ማን ይሠራልኛል?

የቆጪዋ፦
ሰላም የጅማ ልጆች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ለመውጫ ፈተና የሚሆን የፋርማሲ ማስታወሻና አጫጭር ቪዲዮ አዘጋጃለሁ። ድረ ገጹ በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ተሠርቶ አልቋል። አሁን የምፈልገው ከፊሉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ጥያቄና መልሱን ግን የከፈለ ተማሪ ብቻ በራሱ ፓስዎርድ ገብቶ እንዲያየው ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይ በባንክ መሆን አለበት፣ ተማሪ የውጭ ካርድ ከየት ያመጣል? ይሄን ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ጠቁሙኝ። ራስሽ ትችዪዋለሽ የምትሉ ከሆነም በየትኛው ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ በሚጨመር ፕሮግራም)?

ፈረንጅ አራዳ፦
አጂፕ ጋ ያሉት የኮምፒውተር ልጆች። ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ። ላፕቶፔ በተበላሸ ቁጥር እዛ ነው የምወስደው፣ አንድም ቀን አላሳፈሩኝም።

የቆጪዋ፦
ድረ ገጽ ይሠራሉ?

ፈረንጅ አራዳ፦
እሱን አልጠየቅኳቸውም። ግን ጎበዞች ናቸው።

ጅሬን ማዶ፦
ማንንም ከመቅጠርሽ በፊት የኔን ስሚ። ለቡና ንግዳችን አንድ ልጅ ድረ ገጽ ሠራልን፣ አልዋሽም ቆንጆ አድርጎ ነው የሠራው፣ ግን ዶሜይኑን፣ ማለት የገጹን አድራሻ፣ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት ኖሮ ዓመቱ ሲያልቅ የማደሻው መልእክት ለሱ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ቀሪ ሒሳቡን ተቀብሎ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ስልኩንም ቀይሯል። ገጹ ጠፋ። አድሱልን ብለን ብንጽፍ ባለቤቱ እናንተ አይደላችሁም ተባልን። ከረጢቱ ላይ ያሳተምነው አድራሻ ሁሉ ከንቱ ቀረ።

ቡና ቁርስ፦
ስሙን ተናገር እንጂ! ሌላ ሰው እንዳይበላ።

ጅሬን ማዶ፦
አልጠራም። እናቱን አውቃቸዋለሁ።

አወይቱ፦
እኔ ማን እንደሆነ ገምቻለሁ። ረጅም ነው አይደል?

ጅሬን ማዶ፦
አጭር ነው።

አወይቱ፦
እንግዲያው ሁለት ናቸው።

ቡና ቁርስ፦
ለኔ ወንድምም እንዲሁ ነው ያደረጉት፣ እሱስ ካሜራ ሊገጥሙለት ነበር። ቀብድ ወስደው ጠፉ።

መንቲና፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ቴሌግራም ላይ ዝግ ቻናል ክፈቺ። የከፈለውን ታስገቢያለሽ፣ ጊዜው ያለቀበትን ታስወጫለሽ። ፎርዋርድና ሴቭ ማድረግንም መከልከል ይቻላል። ተማሪ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ እዛው ነው የሚውለው።

ቡና ቁርስ፦
በሌላ ስልክ ፎቶ ያነሳዋላ!

መንቲና፦
ድረ ገጹንስ ፎቶ አያነሳውም?

ዝም አልልም፦
ገጽ አለኝ፣ ቁልፍ ጠቁሙኝ አለች። እስካሁን የተጠቆመላት ላፕቶፕ ጠጋኝ፣ የጠፋ ልጅ፣ ካሜራ ገጣሚ፣ እና ገጹን ጥለሽ ነይ የሚል ሰው ነው። ቀጣይ ማነው፣ የባጃጅ ማኅበር?

ሂርማታ፦
ለምን አሳትመሽ አትሸጪውም? ገበያው ጋ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል፣ ብዙ ከሆነ ይቀንሱልሻል።

ዝም አልልም፦
መጣልን።

ኮድ ቆፋሪ፦
እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዎርድፕረስ ራሱ ጽሑፍን በፓስዎርድ መቆለፊያ አለው፣ ግን አንዱን ፓስዎርድ ሁሉም ነው የሚጠቀመው። አንዱ ዶርም ውስጥ ከተናገረ አለቀ። ስለዚህ የአባልነት ፕለጊን ያስፈልግሻል። ሜምበርፕረስ ጥሩ ነው፣ ግን በየዓመቱ በዶላር ነው የሚከፈለው፣ የዶላሩን ነገር ታውቂዋለሽ። የፔይድ ሜምበርሺፕስ ፕሮ ዋናው ክፍል ነፃ ነው። እኔ ብሆን እሱን ነው የምይዘው።

ሰው የሚሰናከለው ክፍያው ላይ ነው። አብዛኞቹ ፕለጊኖች ስትራይፕ የሚባለውን የውጭ የካርድ ክፍያ ተቀባይ ታሳቢ አድርገው ነው የተሠሩት፣ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ጎስትን (ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ ነው) ተጠቀሚ የሚልሽ ቢመጣም እዚሁ ላይ ነው የሚቆመው። ንግድ ፈቃድና ቲን ካለሽ ቻፓን (የአገር ውስጥ የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት) ከውኮሜርስ (የዎርድፕረስ መሸጫ ፕለጊን) ጋር አገናኚው፣ ተማሪው በቴሌብር ይከፍላል፣ ወዲያው ይገባል። ከሌለሽ በእጅ አጽድቂ። ፔይድ ሜምበርሺፕስ ፕሮ በቼክ መክፈያ የሚል ተጨማሪ አለው። ስሙን ቀይረሽ በቴሌብር ትዪዋለሽ። ተማሪው ይመዘገባል፣ ገንዘቡ መግባቱን አይተሽ እስክታጸድቂለት ዝግ ይሆንበታል። የሚልኩልሽን ስክሪንሹት አምነሽ አትቀበዪ፣ ማስመሰል ቀላል ነው። ራስሽ ስልክ ላይ የገባውን እዪ።

አሁን ዋናው። ገጹን ቆለፍሽ ማለት ፋይሉን ቆለፍሽ ማለት አይደለም። የጫንሽው ፒዲኤፍ አፕሎድስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ የራሱ ሊንክም አለው። አንድ ልጅ ከፍሎ ገብቶ ያንን ሊንክ ግሩፕ ላይ ከለጠፈው ሙሉ ባቹ ፓስዎርድ ሳይጠየቅ ያወርደዋል። የሚሠራልሽን ሰው በዚህ ፈትኚው፦ ጨረስኩ ሲልሽ የፒዲኤፉን ሊንክ ኮፒ አድርገሽ ባልገባሽበት ብራውዘር ክፈቺው። ከተከፈተ ሥራው አላለቀም፣ ቀሪውን ብር አትስጪው። የገጹን ቅጂ ይዞ የሚያፈጥን የካሽ ፕለጊን ካለሽም የአባላቱን ገጾች ከሱ ያስወጣቸው፣ አለዚያ ለከፈለው የተዘጋጀው ገጽ ላልከፈለው ሊታይ ይችላል። ዩቲዩብ ላይ አንሊስትድ ያደረግሽው ቪዲዮም ያው ነው፣ ሊንኩ ያለው ሁሉ ያየዋል።

ጅሬን ማዶ፦
ዶሜይኑ በማን ስም መሆን እንዳለበት አልነገርካትም።

ኮድ ቆፋሪ፦
በሷ ስም፣ በሷ ኢሜይል። ገጹ የተቀመጠበት የሆስቲንጉም ፓስዎርድ እንደዚያው። ሠሪው ሲጨርስ የሱን መግቢያ ታጠፋዋለች።

የቆጪዋ፦
ኮድ ቆፋሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የፒዲኤፉን ሊንክ በጓደኛዬ ስልክ ሞከርኩት፣ ምንም ሳይጠይቅ ወለል ብሎ ተከፈተ! ንግድ ፈቃዱ ገና ነው፣ እያወጣሁ ነው። አባልነቱን ለሦስት ወር ባደርገውስ በራሱ ይዘጋል?

ኮድ ቆፋሪ፦
ይዘጋል፣ የማብቂያ ጊዜ ትሰጪዋለሽ። በየወሩ በራሱ እንዲቆርጥ ብለሽ ከምትለፊ እስከ ፈተናው ድረስ አንድ ጊዜ አስከፍዪ። ፋይሎቹን ግን ዛሬውኑ ከገጹ ላይ አንሺያቸው። በኋላ ማንም በቀጥታ የማይከፍተው ፎልደር ውስጥ ገብተው ፕለጊኑ ራሱ አባልነቱን አይቶ ይሰጣል።

መንቲና፦
ዝግ ቻናል ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ኮድ ቆፋሪ፦
ቻናሉም መጥፎ አይደለም፣ አባል እስኪበዛ ይሠራል። ሦስት መቶ ተማሪ ሲሆን ግን ማን መቼ እንደከፈለ ደብተር ላይ እየጻፍክ በእጅህ ስታስገባና ስታስወጣ ነው የምትውለው።

ፈረንጅ አራዳ፦
ዛሬ በአጂፕ ሳልፍ ጠየቅኳቸው። ድረ ገጽ አንሠራም አሉ። ግን የሚሠራ ልጅ እናውቃለን ብለዋል።

ጅሬን ማዶ፦
አጭር ነው?

ቡና ቁርስ፦
የቆጪዋ፣ የነርሲንግ የለሽም? ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ትፈተናለች፣ 50 ከመቶ ካላመጣች ዲግሪውን አይሰጧትም።

መንቲና፦
የነርሲንግ እኔ ጋ አለ። ቴሌግራም ላይ።